ብርዱን ሸሽተው ውጭ አገር ለሚከርሙ ዘመዶች የቤተሰብ ወሬ አደራረስ

የብርዱን ወራት ውጭ አገር የምታሳልፍ አክስት የእህቷን ሆስፒታል መግባት ከፌስቡክ አስተያየት ላይ ካነበበች፣ ጥፋቱ የኔትወርክ አይደለም። አንዱ "እሷ ትነግራታለች" ብሎ ለሌላው ትቶታል፤ ሌላው ደግሞ አክስት ድምፁን ዘግታ ባስቀመጠችው ግሩፕ ውስጥ ጽፎ "ነግሬያታለሁ" ብሏል። ቀጥሎ ያለው አሠራር ሦስት ነገር ያስተካክላል፦ ተናጋሪው አንድ ይሆናል፣ ወሬው በክብደቱ ይለያል፣ መድረሱም ይረጋገጣል። ደረጃ 1 እና 2 ዘመዶቹ ገና እቤት ሳሉ ካልተሠሩ የቀሩት በግማሽ ነው የሚሠሩት።

ደረጃ 1፦ ተናጋሪውን ወስኑ

ይህን ከጉዞው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብላችሁ ጨርሱ።

1. ከቤተሰቡ አንድ ተጠሪና አንድ ተተኪ ምረጡ። ተጠሪ የሚሆነው የግድ በዕድሜ ትልቁ አይደለም። ስልኩን የሚያነሳ፣ የሰማውን የማያጋንን፣ "እሱን አላጣራሁም፣ አጣርቼ እደውላለሁ" ማለት የማይከብደው ሰው ይሁን። ተተኪው የሚያስፈልገው ተጠሪው ስልክ ሲዘጋበት ብቻ አይደለም፤ ሆስፒታል የገባው ራሱ ተጠሪው ሊሆን ይችላል።

2. በወዲያኛው በኩል አንድ ተቀባይ ይኑር። ባልና ሚስት አብረው ከሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ስልክ የሚያነሳው አንዱ ነው። የእሱን ቁጥር መጀመሪያ፣ የሌላውን ሁለተኛ አድርጋችሁ ያዙ።

3. አጠገባቸው ያለ አንድ ሦስተኛ ሰው ቁጥር ተቀበሉ፦ አከራይ፣ ጎረቤት ወይም የማረፊያው እንግዳ ተቀባይ። ስልካቸው ሲጠፋ ሄዶ በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። ሙሉ አድራሻውን ከነቤት ቁጥሩ ጻፉ፤ "ባሕሩ ዳር ያለው ፎቅ" አድራሻ አይሆንም።

4. ተጓዦቹን ራሳቸውን ጠይቁ፤ መልሳቸውንም ቃል በቃል ጻፉ፦
"ሌሊት ከባድ ነገር ቢፈጠር ልቀስቅስዎት ወይስ እስኪነጋ ልጠብቅ?"
"ሰው ሲታመም ወዲያው ይነገርዎት ወይስ ውጤቱ ሲታወቅ?"
"ከባድ ወሬ ቢመጣ ማን አጠገብዎ እያለ ይነገርዎት?"

ብዙ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ስለሚያፍርበት ይዘለዋል። ከዚያ ነገር ሲፈጠር ሁሉም መገመት ይጀምራል፤ ግምቱም ሁልጊዜ ወደ መደበቅ ያደላል። "እንዳይጨነቁ" ተብሎ የተደበቀ ነገር በሌላ በኩል ከተሰማ ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ "ሁሉም ደህና ነው" ብትሉ ማንም አያምናችሁም።

5. አንድ ሕግ አስታውቁ፦ ተጠሪው "ተነግሯቸዋል" እስኪል ድረስ ስለ ሕመም፣ ሞት፣ አደጋ፣ ፍቺና እርግዝና ማንም በፌስቡክም፣ በቲክቶክም፣ በትልቁ የዘመድ ግሩፕም አይጽፍም። ለወጣቶቹ ይህን ለብቻቸው ንገሯቸው። ሻማ የለጠፈ አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሁላችሁንም ጥንቃቄ በአንድ ደቂቃ ያፈርሰዋል።

6. የቤተሰብ ምስጢር ቃል ተስማሙ። "እማማ፣ ስልኬ ጠፍቶ ነው፣ በዚህ አዲስ ቁጥር ገንዘብ ላኪልኝ" የሚሉ አጭበርባሪዎች ከአገሩ የራቀ ሰው ይመቻቸዋል፤ በአሁኑ ጊዜ ድምፅንም አስመስለው ይሠራሉ። ቃሉ ከፌስቡክ ገጻችሁ የማይገኝ ይሁን፤ የልጅ ስም፣ የልደት ቀን፣ የውሻ ስም አይሆንም። በጽሑፍ አትላኩት፣ በአፍ ብቻ ተነጋገሩ።

ደረጃ 2፦ ስልካቸውን አዘጋጁ

ከእነሱ ጋር ተቀምጣችሁ ሥሩት፤ በስልክ ማስረዳት አይቻልም። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

1. ቁጥሮችን በመደመር ምልክት አስቀምጡ። የእያንዳንዱ ዘመድ ቁጥር በ+ ጀምሮ፣ ከዚያ የአገሩ ኮድ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ዜሮ ሳይገባ ቀሪው ቁጥር ይሁን። በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ውጭ አገር ሲደወል የዚያን አገር ሰው ይጠራል ወይም ጨርሶ አይሠራም። (ጣልያን ከዚህ ትለያለች፤ የቤት ስልኮቿ ዜሮ ከአገር ኮዱ በኋላም አይወጣም።)

2. የቤቱን ሲም እንዳይጥሉት። ውጭ አገር አዲስ ሲም ቢያስገቡም ዋትስአፕ በድሮው ቁጥር መሥራቱን ይቀጥላል። ቁጥር ይቀየር ወይ ብሎ ከጠየቃቸው "አይ" ይበሉ። ነገር ግን መተግበሪያው ቢጠፋና እንደገና ቢጫን የማረጋገጫው ኮድ የሚላከው ወደ ድሮው ቁጥር ነው። ሲሙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ከቀረ ወይም ሒሳብ ሳይሞላበት ቆይቶ ከተዘጋ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሁለት ሲም የሚይዝ ስልክ ካላቸው ሁለቱንም አስገቡ፤ የቤቱን ሲም የሮሚንግ ኢንተርኔት ግን ዝጉት።

3. በዋትስአፕ ሴቲንግ ውስጥ የባለስድስት አኃዝ ሚስጥር ቁጥር አብሩ። ያን ቁጥር ተጠሪውም ይያዘው።

4. ታብሌት ብቻ ይዘው የሚሄዱ ካሉ አስቁሟቸው። ዋናው ስልክ ለ14 ቀን ካልተከፈተ ዋትስአፕ የተገናኙትን ሌሎች ዕቃዎች በሙሉ ያስወጣቸዋል።

5. ሌሊት የሚያልፍ ጥሪ አዘጋጁ። "አትረብሹ" የሚለው አሠራር ሲበራ ጥሪ ዝም ይላል፤ ግን አይፎን ላይ "ተደጋጋሚ ጥሪ" የሚለው ከተፈቀደ ያው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለተኛ ሲደውል ስልኩ ይጮኻል። አንድሮይድ ላይ ጊዜው 15 ደቂቃ ነው። አብሩትና ለሁሉም ንገሩ፦ ሁለት ጊዜ በተከታታይ በተራ ስልክ መደወል ማለት "ተነሡ" ማለት ነው፣ ለሌላ ነገር አይደረግም።

6. "ከማይታወቅ ቁጥር የመጣ ጥሪን ዝም አሰኝ" የሚለው በስልኩም በዋትስአፕም በርቶ ከሆነ ዝጉት፤ ካልሆነም የተተኪውንና የሐኪም ቤቱን ቁጥር አስቀምጡላቸው። ከሆስፒታል የተደወለ ጥሪ ሳይሰማ የሚያልፈው በዚህ ነው።

7. ፎቶና ቪዲዮ በዋይፋይ ብቻ በራሱ እንዲወርድ አድርጉ። ከተጠሪው ጋር የሚጻጻፉበትን የዋትስአፕ መስመር ከዝርዝሩ ላይኛው ጫፍ ሰክታችሁ (ፒን አድርጋችሁ) አስቀምጡ።

8. ፈትኑ። ዋይፋያቸውን ዝጉ፣ ሌላ ክፍል ግቡ፣ አንድ ጽሑፍ፣ አንድ የድምፅ መልእክትና አንድ ፎቶ ላኩ፤ ራሳቸው ከፍተው ይመልሱ። ከኋላቸው ቆማችሁ ጣታችሁን አትዘርጉ፤ እዚያ ማንም አይዘረጋላቸውም።

9. አምስቱን ዋና ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አድርጉ። ስልክ ሲሰረቅ ቁጥሩም አብሮ ይሰረቃል።

የሚሄዱበትን አገር ሁኔታም አስቀድማችሁ እዩ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል፤ ጽሑፍና የድምፅ መልእክት ግን ያልፋል። ቻይና ውስጥ ደግሞ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ተዘግተዋል። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚሄድ ዘመድ ካለ ሁለተኛው መንገድ ተራ ጥሪና ኢሜይል ነው።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱን አስተካክሉ

ተጠሪው የእነሱን ከተማ በስልኩ የዓለም ሰዓት ላይ ይጨምር። ከዚያ አንድ ቋሚ የመደወያ ሰዓት በሳምንት አንድ ቀን ይያዝ።

ሰዓት ስትጽፉ የማን ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። "2 ሰዓት ላይ እንደውላለን" የሚለው መልእክት በሁለት መንገድ ያሳስታል፦ የማን አገር እንደሆነ አይታወቅም፣ ስልኩ 20:00 የሚለውን እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስለምንለውም ተቀባዩ በስልኩ 2:00 ሊጠብቅ ይችላል። "በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ስልካችሁ ላይ 20:00" ብላችሁ ጻፉት። ይረዝማል፤ ግን ማንም አይሳሳትም።

እስከ ማርች የሚቆዩ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። አሜሪካና ካናዳ በአብዛኛው በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ አውሮፓ ደግሞ በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ። በምድር ወገብ አካባቢ ያሉ ሞቃት አገሮች በአብዛኛው አይነኩትም። ስለዚህ ለወራት የሠራው የእሑድ ቀጠሮ በአንድ ቀን ሌሊት በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ማርች ሲገባ ልዩነቱን እንደገና ቁጠሩ።

ደረጃ 4፦ ወሬውን በክብደቱ ለዩ

ሦስት ረድፍ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማንም አያስታውስም።

ቀይ፦ ሞት፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም፣ ከባድ አደጋ፣ ቤት መቃጠል ወይም መዘረፍ፣ በሰዓታት ውስጥ ውሳኔያቸውን የሚፈልግ ነገር። በጥሪ ብቻ።

ቢጫ፦ ሆስፒታል ገብቶ የወጣ፣ የምርመራ ውጤት፣ ሥራ ማጣት፣ እርግዝና፣ ቀለበት፣ የቤት ጥገና። በዚያው ቀን ለየብቻቸው በጽሑፍ፣ ከዚያ ጥሪ።

አረንጓዴ፦ ሌላው ሁሉ። ለሳምንቱ ደብዳቤ ይቆይ።

የት እንደሚመደብ ካጠራጠራችሁ ከፍ ወዳለው መድቡት። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ፦ እርግዝና፣ ፍቺና የምርመራ ውጤት ባለቤት አላቸው። ባለቤቱ "ንገሩልኝ" ካላለ ተጠሪውም ቢሆን አይናገርም።

ደረጃ 5፦ የሳምንቱን ደብዳቤ ጻፉ

በሳምንት አንዴ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ ከ150 እስከ 200 ቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ቀን።
2. መልስ የሚፈልግ ነገር ካለ መጀመሪያ። መጨረሻ ላይ የተጻፈ ጥያቄ አይመለስም።
3. የሰው ጤና፣ በስም። "ሁሉም ደህና ነው" አትበሉ፤ ያ ምንም አይናገርም። "የአጎት ጉልበት ተሽሎታል፣ ያለ ዱላ ደጅ ይወጣል" በሉ።
4. ቤታቸው፦ ቧንቧ፣ መብራት፣ ፖስታ፣ አትክልት፣ ድመቷ።
5. ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ነገር። ርቆ የከረመ ሰው የሚናፍቀው ይህን ነው፦ ማን ጥርሱ ወለቀ፣ ማን ፀጉሩን ተላጨ፣ የጎረቤቱ በር ምን ቀለም ተቀባ።
6. ቀጣዩ ጥሪ መቼ እንደሆነ።

ማንበብ ለሚከብዳቸው ያንኑ በድምፅ ላኩ፤ ግን አንድ የስምንት ደቂቃ ቅጂ ሳይሆን ከሁለት ደቂቃ ያልበለጡ ሦስት ቅጂዎች፣ እያንዳንዱ በአንድ ጉዳይ። ረጅሙን መሀል ላይ ያቋርጡታል፣ የቀረውን አይመለሱበትም። ስትቀዱ ስልኩን ከአፋችሁ አንድ ጋት አርቁ፣ ቴሌቪዥን ዝጉ።

በዋትስአፕ ብሮድካስት ለብዙ ሰው የምትልኩ ከሆነ አንድ ነገር እወቁ፦ መልእክቱ የሚደርሰው የእናንተን ቁጥር በስልካቸው ላስቀመጡ ብቻ ነው። "ለሁሉም ልኬያለሁ፣ ለአክስቴ ብቻ አልደረሳትም" የሚባለው ከዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ፎቶና ቪዲዮ

በሳምንት ከአምስት እስከ ሰባት ፎቶ ምረጡ፤ አርባ አትላኩ። በእያንዳንዱ ሥር ማን ማን እንደሆነ ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። ቪዲዮ ከ30 ሰከንድ አይለፍ፤ በአይፎን የተቀረጸ የ1080ፒ ቪዲዮ በደቂቃ 60 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ የውጭ አገር የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አባሪ አይቀበልም፤ ወደ ድራይቭ ሊንክ ይቀይረዋል፣ ሊንኩን መክፈት ደግሞ ለብዙ ትልልቅ ሰዎች ሌላ ጣጣ ነው።

ለማሳተም የሚፈልጉትን ፎቶ በፋይል መልክ ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። በፋይል ሲላክ ግን ፎቶው የተነሣበት ቦታ መረጃም አብሮ ስለሚሄድ ለማታምኑት ሰው አትላኩ።

እናንተም እነሱም ለሕዝብ በተከፈተ ገጽ ላይ "እስከ ማርች የሉም" የሚል ነገር አትለጥፉ። የባዶ ቤት ማስታወቂያ ነው። የባሕር ዳር ፎቶው ከተመለሱ በኋላ ይለጠፍ።

ደረጃ 7፦ ሕመምን መናገር

በብዛት የሚላከው መልእክት ይህን ይመስላል፦

"አባባ ሆስፒታል ናቸው ግን አይዞሽ ደህና ናቸው በኋላ እደውላለሁ"

የተቀበለችው ልጅ ከዚህ ምን ታውቃለች? የትኛው ሆስፒታል፣ ምን ነክቷቸው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ "በኋላ" ስንት ሰዓት ነው? ምንም። እስክትደውሉ ድረስ ለአሥር ሰው ትደውላለች፣ አሥሩም የየራሱን ይነግራታል። በዚህ ተኩት፦

"ሐሙስ፣ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት። አባባ ዛሬ ቀትር ላይ ራሳቸውን አዞራቸውና ሆስፒታል ወሰድናቸው። አሁን ነቅተዋል፣ ይናገራሉ፣ ያለ እርዳታ ይተነፍሳሉ። ሐኪሙ የደም ግፊታቸው ወርዶ ነው ብሏል፤ የልብ ምርመራ ነገ ጠዋት ይደረጋል። ወንድምሽ አብሯቸው ያድራል። አሁን ቲኬት መቁረጥ አያስፈልግም። ነገ በእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ውጤቱን እጽፋለሁ፣ ባይወጣም እጽፋለሁ።"

መቼ፣ ምን ሆነ፣ አሁን እንዴት ናቸው፣ ሐኪም ምን አለ፣ ማን አለ፣ ምን ይደረግ፣ ቀጣዩ ወሬ መቼ። የመጨረሻውን ቃል ጠብቁ፤ ውጤት ባይኖርም በሰዓቱ "እስካሁን አልወጣም" ብላችሁ ጻፉ። ያላወቃችሁትን የሕመም ስም አትሙሉበት፤ ሐኪሙ "እንመርምር" ካለ "እንመርምር ብሏል" ነው የሚባለው።

ደረጃ 8፦ መርዶ

1. አጣሩ። ቦታው ላይ ካለ ሰው በቀጥታ ስሙ።
2. የሚነገራቸውን ሰዎች ተራ ጻፉ፤ ልጅ፣ ወንድም፣ እህት በቅድሚያ። ሁለት ሰው በሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ይደውል፤ መጀመሪያ የተነገረው ሰው ለሌላው ለመደወል አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።
3. አጠገባቸው ለሚሆነው ሰው መጀመሪያ ደውሉና አብሯቸው እንዲሆን አድርጉ። ሌሊት ከሆነ በደረጃ 1 የሰጡትን መልስ ተከተሉ።
4. በድምፅ ደውሉ። በጽሑፍም፣ በድምፅ መልእክትም አይነገርም። ቪዲዮም አይመከርም፤ ከኋላችሁ የሚያለቅሰው ሰው ከእናንተ በፊት ይናገራል።
5. መጀመሪያ ጠይቁ፦ "የት ነሽ? እየነዳሽ ነው? ማን አጠገብሽ አለ?" እየነዳች ከሆነ "አቁሚና መልሰሽ ደውይልኝ" በሉ፤ ሌላ ነገር አትጨምሩ።
6. አንድ ማዘጋጃ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ እውነቱን፦ "የምነግርሽ ከባድ ነው። እማማ ዛሬ ጠዋት አረፉ።" ያረፈን ሰው "በጣም ታመዋል፣ ቶሎ ነይ" ማለት ደግነት ይመስላል፤ ግን ሰውየው ተስፋ ሰንቆ ሰዓታት በአውሮፕላን ይበራል፣ እውነቱንም አውሮፕላን ጣቢያ በሰው መሀል ይሰማል።
7. ዝም በሉ። ክፍተቱን በምክር አትሙሉ፣ ስልኩንም አትዝጉ።
8. ሲጠይቁ ብቻ ቀጥሉ፦ እንዴት፣ የት፣ ቀብር መቼ፣ እነሱን መጠበቅ ይቻላል ወይ። ቀብሩ ሊጠብቃቸው የማይችል ከሆነ ያኔውኑ ተናገሩ፤ ቲኬት ከቆረጡ በኋላ አይነገርም።
9. በአንድ ሰዓት ውስጥ ያንኑ በአጭር ጽሑፍ ላኩላቸው። በድንጋጤ ላይ ያለ ሰው ቀንና ሰዓት አይዝም።
10. ተጠሪው "ተነግሯቸዋል" ብሎ ያሳውቅ። ከዚያ በፊት ፎቶ የቀየረ ካለ ደውላችሁ አስመልሱት።

ካላነሱ፦ "አስቸኳይ ደውልልኝ" ብቻ ጽፋችሁ አትጥፉ። "ስለ እማማ ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ መልሼ እደውላለሁ፤ ከሰው ጋር ሁን" ብላችሁ በተባለው ደቂቃ ደውሉ።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

አንድ ግራጫ ምልክት ብቻ፦ ዋትስአፕ ላይ ወጥቷል፣ ስልካቸው አልደረሰም ማለት ነው። ሁለት ግራጫ ደርሷል፣ ሰማያዊ ተከፍቷል። ቴሌግራም ግን ይለያል፦ አንድ ምልክት ተልኳል፣ ሁለት ምልክት ተነቧል ነው፤ ግሩፕ ላይ ደግሞ አንድ ሰው እንኳ ካነበበው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በግሩፕ ምልክት አትተማመኑ። ቢጫና ቀይ ወሬ ላይ ምልክት ሳይሆን መልስ ጠብቁ።

ለ24 ሰዓት አንድ ምልክት፦ በተራ ስልክ ደውሉ። ካልገባ ተቀባዩን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ የአከራዩን ቁጥር። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው የኢንተርኔት ጥቅል ነው።

የተሳሳተ ወሬ ሄደ፦ ዋትስአፕ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ ማረም ይቻላል፤ ለሁሉም ማጥፋትም ወደ ሁለት ቀን ገደማ ይፈቅዳል። ቀድመው ካነበቡት ግን አታጥፉት፤ የጠፋ መልእክት ከስህተቱ በላይ ያስደነግጣል። "ቅድም የጻፍኩት ትክክል አይደለም፤ ትክክለኛው ይህ ነው" ብላችሁ አዲስ ጻፉ።

ከሌላ ሰው ቀድመው ሰሙ፦ ማን ነገረሽ ብላችሁ አትጀምሩ። "የሰማሽው እውነት ነው" ወይም "ከፊሉ ነው እውነት" በሉና ሙሉውን ንገሩ። ማን እንደነገራት ማጣራቱ ከሳምንት በኋላ ይደረስበታል።

ገንዘብ የሚጠይቅ ጥሪ መጣ፦ ስልኩን ዝጉ፣ ከድሮ በተቀመጠው ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ፣ ምስጢር ቃሉን ጠይቁ። ደዋዩ "ለማንም እንዳትነግሪ" ካለ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም።

ተጠሪው ደከመው፦ በየወሩ ከተተኪው ጋር ይቀያየር፤ ለውጡንም ለዘመዶቹ በጽሑፍ አሳውቁ።

ከመመለሳቸው አንድ ሳምንት በፊት

የመጨረሻውን ደብዳቤ ከወትሮው አስቀድማችሁ ላኩ። ሆን ብላችሁ ያቆያችሁት ከባድ ወሬ ካለ አሁን ንገሩ፤ በር ላይ እንዳይጠብቃቸው። ማን እንደሚቀበላቸው፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ፣ ቤታቸው ውስጥ የተለወጠ ዕቃ ምን እንደሆነ ጻፉ። ሲመለሱ የውጭውን ሲም ቁጥር ከስልካችሁ አጥፉት፤ ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል።